በጎ ሥራ በትእዛዝ ይሆናልን?

የአንድ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ሠራተኞቹን ሰብስቦ «በሚመጣው ቅዳሜ ሁላችንም ወጥተን በሰፈራችን ያለውን የአረጋውያን መጦሪያ እናጸዳለን» ቢል፣ ይህ ጥሪ ነውን ወይስ ትእዛዝ? ነገሩ ቀላል ቢመስልም ልንመረምረው ይገባል። ከመካከላችን ብዙዎች በመሥሪያ ቤት ተቀጥረው ያገለግላሉ፤ በትምህርት ላይ ያለነውንም ነገ ይኸው ጥያቄ ይጠብቀናል።

በቋንቋችን ያለ ደመወዝ ለሌላው የሚሰጥ አገልግሎት «በጎ ፈቃድ» ይባላል። ስሙ ሁለት ነገር ይዟል። ሥራው በጎ መሆን አለበት፤ ሠሪውም ፈቅዶ ሊሠራው ይገባል። ፈቃድ የሌለበት በጎ ሥራ ግብር እንደ መክፈል ነው፤ ይጠቅማል፣ ስጦታ ግን አይባልም።

አንዳንድ ሰዎች «ለተቸገረው ሰው ቤቱ ከታደሰለት፣ አዳሹ ወዶ ቢመጣ ተገዶ ቢመጣ ምን ልዩነት አለው?» ይላሉ። ይህ አነጋገር እውነትነት አለው። ክረምት ገብቶ ጣራው የሚያፈስበት ሰው የሚያየው ቆርቆሮውን እንጂ የሠራተኛውን ልብ አይደለም። ይሁን እንጂ ፈቃድ ሲጎድል ሥራው ራሱ የሚበላሽበት ጊዜ አለ።

ለዚህ የደም ልገሳ ጥሩ ምሳሌ ነው። የደም ባንክ ባለሙያዎች ወደ መሥሪያ ቤቶች እየሄዱ ከሠራተኞች ደም ይሰበስባሉ። ለጋሹ አስቀድሞ ስለ ጤንነቱ ይጠየቃል። ወዶ የመጣ ሰው እውነቱን ተናግሮ ሳይሰጥ ቢመለስ የሚቀርበት ነገር የለም። ከአለቃው ፊት ላለማፈር ወይም ገንዘብ ለማግኘት የመጣ ግን ሕመሙን ሊደብቅ ይችላል። ደሙ ቢመረመርም፣ በሽታው ገና በጀመረበት ሰሞን ምርመራው ላያገኘው ይችላል። የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1975 አገሮች ያለ ክፍያ፣ በፈቃድ በሚሰጥ ደም ላይ የተመሠረተ አገልግሎት እንዲያስፋፉ አሳስቧል። በዚህ ሥራ የለጋሹ ነጻ ፈቃድ የበሽተኛው ደኅንነት ነው ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው ነገር መመለስ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአገራችን በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቋል። የመንግሥት ሠራተኞች እንዲሳተፉ አንዳንድ መሥሪያ ቤቶች ተዘግተው ነበር። ችግኝ ግን ከተተከለ በኋላ ውኃ ይሻል፣ አረም ይነቀልለታል፣ ከከብት ይጠበቃል። ደምም እንዲሁ ነው፤ ቀይ የደም ሕዋስ በማቀዝቀዣ ቢቀመጥ ከ42 ቀን በላይ አይቆይም፤ ስለዚህ በዓመት አንድ ቀን ብቻ ተሰልፎ መስጠት አይበቃም። ትእዛዝ ሰውን አንድ ቀን ሊያወጣው ይችላል፤ ማንም ሳያየው ተመልሶ እንዲሄድ የሚያደርገው ግን የራሱ ፈቃድ ነው።

«ታዲያ ደቦስ?» የሚል ይኖራል። በገጠር ለአጨዳ ወይም ለውቂያ ደቦ ሲጠራ፣ ሳይሄድ የቀረ ሰው በተራው ሲጠራ ብቻውን እንዳይቀር ይፈራል። ይህም ግዴታ አይደለምን? አዎን፣ ይሉኝታ አለበት። ዳሩ ግን የደቦው ጠሪ ጎረቤት ነው። ቢቀየም ይታረቁታል፤ የቀረውን ሰው ከሥራ ሊያስወጣው አይችልም። የድርጅት አለቃ ግን የሠራተኛውን እንጀራ በእጁ ይዟል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቢለምንም ልመናው እንደ ትእዛዝ ይሰማል። ቅዳሜ የታመመች እናቱን የሚያስታምም ሠራተኛ «አልችልም» ለማለት የሚፈራው ለዚህ ነው። እርሱ እኮ ማንም ሳይመዘግብለት በጎ ሥራ ላይ ነው!

እንግዲህ ድርጅቶች ዝም ይበሉ ማለት ነውን? አይደለም። ብዙ ሠራተኛ ልቡ ፈቅዶ ጊዜ ያጣል። ቲምበርላንድ የተባለው የአሜሪካ የጫማ ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ሠራተኞቹ ደመወዛቸው ሳይነካ በዓመት 16 ሰዓት ኅብረተሰቡን እንዲያገለግሉ ፈቀደ፤ ኋላም ሰዓቱን ወደ 40 ከፍ አደረገው። በእኔ አስተያየት ድርጅት ሊሰጥ የሚገባው እንዲህ ያለውን ጊዜ ነው። ቦታውን ሠራተኛው ይምረጥ፤ የቀረው ሰው ስም አይያዝ፤ የእድገት ነጥብም አይሰጥበት። ሰዓቱ የድርጅቱ ስጦታ ነው፤ በሰዓቱ ውስጥ የሚፈሰው ልብና ጉልበት ደግሞ የሠራተኛው ስጦታ ይሆናል።

ደግሞም የሰው አጀማመር ንጹሕ ባይሆን አንፍረድበት። ከቢሮ ለመውጣት ብሎ የሄደ ሰው አንዲት አሮጊት ስሙን ጠርታ ስትመርቀው በሚቀጥለው ወር በራሱ ጊዜ ሊሄድ ይችላል። ፈቃድ እንደ ልማድ የሚያድግ ነገር ነው።

ወንድሞችና እህቶች፣ ነገ አለቃ የምንሆን ሰዎች ስንጠራ እንቢ ለሚለውም በሩን እንተውለት። ዛሬ ሠራተኞች የሆንን ደግሞ የአለቃን ጥሪ አንጠብቅ። በየሰፈራችን ፊደል የሚቆጥርለት ያጣ ሕፃን፣ ውኃ የሚቀዳለት ያጣ አረጋዊ አለ። እርሱን ለማገዝ ደብዳቤ አያስፈልገንም።