የጣት ፍርድ

ጣት የሚወደውን ዕቃ መፈለግ ቅብጠት ነው? አንድ ወዳጄ "እንዴታ!" ይላል። ወዳጄ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ነው፤ ደብዳቤ ይፈርማል እንጂ ታይፕ አያደርግም። "ኪቦርድ ኪቦርድ ነው፤ ፊደሉ ከወጣ ምን ቀረው?" ባይ ነው።

እስቲ ገልጠን እንየው። በየቢሮው የምናውቀው ርካሽ ኪቦርድ በየቁልፉ ሥር አንዳንድ ጎማ አለው፤ የተገለበጠች ትንሽ ሲኒ ትመስላለች። ቁልፉን ስትጫኑት ጎማዋ ትንሽ ታንገራግርና ድንገት ትሰምጣለች። ከሥሯ ያሉት ስስ ፕላስቲኮች ይነካካሉ፣ ኮምፒውተሩም ይሰማል። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያች "ድንገት" ላይ ነው። ጎማዋ ደህና ከሆነች ጣት ፊደሉ መመታቱን ዓይንን ሳያማክር ያውቃል። መናኛ ከሆነች ግን ሊጥ እንደመጠንቆል ነው፤ ጸሐፊዋ ተመታ አልተመታ በሚል ጥርጣሬ እያንዳንዱን ቁልፍ እንደ ቡና ስትወቅጥ ትውላለች።

"ጎማ ሁሉ ያው ነው፣ ጥሩው ሞላ ያለው ነው" የሚሉም አሉ። (ሞላሌ ላይ ስለ ሞላ ማውራት እንዴት ደስ ይላል!) እውነት ነው፣ አይ.ቢ.ኤም. በ1985 እ.ኤ.አ. ያወጣው ባለ ሞላ ኪቦርድ እስከ ዛሬ አፍቃሪ አላጣም። ነገር ግን ቶፕሬ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ውድ ኪቦርዶቹን የሚሠራው በዚያው በጎማ ነው፤ ከጎማው ሥር ስስ ሞላ ይጨምርበታል እንጂ ጣት የሚሰማው የጎማውን መስመጥ ነው። ስለዚህ ጎማን በጅምላ አንኮንነው።

ይህ ጉዳይ ደግሞ እኛን ከሌላው ይበልጥ ይመለከተናል። ፊደላችን 33 በ7፣ 231 ነው። ኢንጂነር አያና ብሩን የመሰሉ ቀደምት ሰዎች ይህን ሁሉ በጥቂት ቁልፎች ላይ ለማስፈር ስንት ደክመዋል! በ1999 እ.ኤ.አ. ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ ገባና አንዱ ጣጣ ቀለለ። የጣት ድካም ግን አልቀረም። "ሰላም" ሦስት ፊደል ናት፤ በድምፅ በሚጻፈው ዘዴ ግን አምስት ጊዜ ትመታላችሁ። አንዲት ሦስት መቶ ቃል ያላት ማመልከቻ በእኔ ግምት ከሁለት ሺህ ምት በላይ ትፈጃለች። ጸሐፊዋ በቀን ስንት ማመልከቻ እንደምትጽፍ እናንተው አስሉት።

ወዳጄ እዚህ ላይ "ትምህርት ቤቱ ወንበር ሳይኖረው ስለ ኪቦርድ ታወራለህ?" ሊለኝ ይችላል። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ ውድ ኪቦርድ ይገዛ ብዬ ብሆን ኖሮ አፌን ያስይዘኝ ነበር። እኔ የምለው ሌላ ነው። ሞላሌ ገበያ ባና የሚገዛ ሰው አይታችኋል? የመንዝ በግ ጸጉሩ ሻካራ ነው፤ ከሱ ሐር የሚጠብቅ የለም። ሰውዬው ግን ዋጋ ከመጠየቁ በፊት ባናውን በጣቶቹ መሐል ያሸዋል፣ ይስበዋል፣ አገላብጦ ያየዋል። ሻካራም ደህናና መናኛ አለዋ! ቀበጥ ያለው ግን የለም። ለምን? የመንዝን ብርድ ሌሊት በዚያ ባና የሚያሳልፈው ራሱ ነዋ።

ቢሮ ውስጥ ግን የሚገዛውና የሚነካው ተለያዩ። ገዢው የሚያየው ዋጋውን ነው፤ ጨረታው ዝቅተኛውን ይመርጣል፤ ካርቶኑ ሳይከፈት ዕቃው ይረከባል። እኩል ዋጋ ካላቸው ሦስት ኪቦርዶች የትኛው ይሻላል ብሎ ጸሐፊዋን የሚጠይቅ የለም። ብትጠየቅ ምን ታጠፋለች? ግማሽ ሰዓት። ቁልፉን ቀስ ብላ ትጫናለች፤ መጀመሪያ ላይ ቆንጠጥ አድርጎ ይይዝና ጥርት ብሎ ይወርዳል ወይስ ከላይ እስከ ታች ይንሸራተታል? ስፔሱንና ኢንተሩን ጫፋቸው ላይ ትነካቸዋለች፤ መናኛው እዚያ ላይ ይነክሳል። ከዚያ አንድ ገጽ ትጽፍበታለች። በዚህች ግማሽ ሰዓት የሚተርፈው የስንት ዓመት ድካም ነው። እኔ ይህን ቅብጠት ማለት አይሆንልኝም፤ ድካሙን የሌላ ሰው ጣት ላይ ጥሎ "ምን ቀረው?" ማለትን ግን ምን እንደምለው አላጣሁም።

ሞላሌ ውስጥ አንዲት ማመልከቻ የምትጽፍ ልጅ ቤት ገብቼ ነበር። የምትጽፍበት ኪቦርድ ቢጫ ሆኗል፣ ፊደሎቹ ተፍቀው አልቀዋል። መደርደሪያው ላይ አዲስ ኪቦርድ ከነላስቲኩ ተቀምጧል።

"ይሄን ለምን አትጠቀሚበትም?" አልኳት።

"ጋሼ፣ እሱ አይመልስልኝም" አለችኝ፣ ዓይኗን ከማመልከቻው ሳታነሳ። "አሮጌው ስነካው ይመልስልኛል።"

"ታዲያ አዲሱ ለምንድን ነው?"

"ደንበኛ 'እኔው ራሴ ልጻፍ' ሲል እሱን እሰጠዋለሁ።"