ናታን የነገረው ታሪክ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ክርስቲያን ልብ ወለድ ቢያነብ፣ ፊልም ቢያይ ይገባዋልን? አንዱ «የፈጠራ ወሬ ሁሉ ከንቱ ነው» ብሎ በሩን ይዘጋል፤ ሌላው «ጨዋታ ምን ይጎዳል?» ብሎ ወለል አድርጎ ይከፍታል።

በዚህች በቅድስት ከተማ የተፈጸመ አንድ ነገር ሁለቱንም ያርማል። ንጉሥ ዳዊት የኦርዮንን ሚስት ወስዶ እርሱን ካስገደለ በኋላ፣ ነቢዩ ናታን ወደ እርሱ የገባው ታሪክ ይዞ ነበር፦ ብዙ በጎች ያሉት ባለጠጋ የድሃውን አንዲት በግ ወስዶ ለእንግዳው አረደለት (2ሳሙ. 12)። ዳዊት በባለጠጋው ላይ እጅግ ተቈጣ፤ ሞትም ፈረደበት። ያን ጊዜ ነቢዩ ያ ሰው ዳዊት ራሱ መሆኑን ገለጠለት።

ንጉሡ የሸሸገውን በደል ያየው በምሳሌ ነውና የተፈጠረ ታሪክ ሁሉ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ናታን የመጨረሻውን ቃል ሳይናገር ወጥቶ ቢሆን ኖሮ፣ ዳዊት በሌላው ፈርዶ፣ ራሱን ጻድቅ አድርጎ በዙፋኑ በቀረ ነበር። የልብ ወለድና የፊልም ትልቁ ፈተና ይህ ነው፤ ሰው በሌላው ኃጢአት እየተቈጣ የራሱን ይረሳል።

በ1958 ዓ.ም. የታተመው የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ለዚህ ምስክር ይሆናል። ወላጆቹ በሕፃንነቱ ለእግዚአብሔር የተሳሉት በዛብህ የባላባቱን ልጅ ሰብለ ወንጌልን ይወድዳል። አንዱ አንባቢ በፊታውራሪ መሸሻ ትዕቢት ስቆ፣ በካህናቱ ድካም ተሳልቆ መጽሐፉን ያጥፋል። ስለት ይዛ የመጣች እናት ግን «የልጄን ዕድሜ ስሳል ልቡን አስቤለታለሁን? በዘርና በሀብት የማሳንሰው ሰው የለምን?» ብላ ትመረምራለች። መጽሐፉ አንድ፣ ፍሬው ግን ሁለት ሆነ።

እንዲሁም እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው፣ ሜል ጊብሰን ያዘጋጀው የክርስቶስን ሕማማት የሚያሳይ ፊልም ብዙዎችን አስለቅሷል። ፊልሙ የተቀረጸው በኢጣሊያ ነው፤ ሆኖም ዛሬ በጎልጎታ ቆሞ ያንን ሥዕል በዓይነ ልቡናው የሚያይ ተሳላሚ አይጠፋም። ማልቀሱ መልካም ነው። ነገር ግን ዕንባው ከፊልሙ ጋር አብሮ ካበቃ፣ ከተቀያየሙት ወንድም ጋር ካላስታረቀ፣ ለተራበውም እጅን ካላስዘረጋ፣ የተዋናዩ ብቃት ያመጣው ዕንባ ሆኖ ይቀራል።

ይህ ማለት ግን ሁሉ ይታያል፣ ሁሉ ይነበባል ማለት አይደለም። ቅዱስ ባስልዮስ የአረማውያንን መጻሕፍት ለሚማሩ ወጣቶች ሲጽፍ ንብን ምሳሌ አድርጎ አቅርቧል፤ ንብ በአበባው ሁሉ ላይ አታርፍም፤ ካረፈችበትም የሚጠቅማትን ወስዳ ሌላውን ትተዋለች። ደግሞ የሰው ድካም ልዩ ልዩ ነው። አንዱ ሳይናወጥ የሚያልፈው ትዕይንት ለሌላው የጠፋ እሳት የሚያነድ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የራሱን ቁስል የሚያውቅ፣ ከንስሐ አባቱም ጋር የሚመክር ሰው፣ ጓደኛው ስላየው ብቻ አያይም፤ እርሱ የተወውን በሚያይ ወንድሙም ላይ አይፈርድም።

መጽሐፉ ሲታጠፍ፣ ፊልሙም ሲያበቃ አንድ ጥያቄ ይቀራል፦ ይህ ታሪክ የማንን በደል አሳየ? መልሱ «የሌሎችን» ብቻ ከሆነ፣ ናታን ገና ቃሉን አልጨረሰም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።