ስልኩን ማን ያነሳል?

ተርጓሚዎች ልጆቼ፣ በደርግ ዘመን በመቱ ፍርድ ቤት ደጃፍ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበርኩ። ከገጠር የመጣው ባለጉዳይ ነገሩን በአፋን ኦሮሞ ይነግረኛል፤ እኔ በአማርኛ እጽፋለሁ። አሻራውን ከማኖሩ በፊት ግን የጻፍኩትን በራሱ ቋንቋ አነብለት ነበር። አንድ ጊዜ አንድ አዛውንት እስከ መጨረሻው አዳመጡኝና፣ «በሶር በኩል ያለውን ድንበር ሳልነግርህ ቀርቼ ኖሯል፤ ጨምርበት» አሉኝ። ከአፋቸው ሲወጣ ያልታያቸው ከአፌ ሲሰሙት ታያቸው። ጽሑፍ የሚገባው ለጻፈው አይደለም፤ ለሚገደድበት ነው። እናንተም ዛሬ የንግድ ድርጅት ድረ ገጽ ተርጉማችሁ ከማስረከባችሁ በፊት ለአንድ የቡና ገበሬ ወይም ለአንዲት ባለሱቅ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። አብሯችሁ የተመረቀው ጓደኛችሁ ያደንቃችኋል እንጂ አያርማችሁም።

አንድ ቋንቋ ፊደሉን ሲለውጥም አይቻለሁ። በ1984 ዓ.ም. አፋን ኦሮሞ በላቲኑ ፊደል፣ በቁቤ፣ ይጻፍ ከተባለ ወዲህ በሰፈራችን አባት የግዕዙን ፊደል፣ ልጅ የላቲኑን እያነበቡ በአንድ ቤት ኖረዋል፤ ማዕድ ላይ ሲቀመጡ የሚያወሩት ቋንቋ ግን አንድ ነበር። ጎረቤቴ የነበረ ነጋዴ የሱቁን ማስታወቂያ በሁለቱም ፊደላት አጽፎኝ በሩ ላይ ጎን ለጎን ለጠፈው። ብዙ ያልተማረ ሰው ነበር፤ ገበያተኛውን ግን ያውቅ ነበር። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ከወሎ ወደ ኢሉባቦር የመጡት ሰፋሪዎች ልጆችም ደንበኞቹ መሆናቸውን አልዘነጋም። ሁለት ፊደል ያለው ሕዝብ የእኛ ብቻ አይደለም፤ ዛሬ በውጭ አገር የኩርዶችን ገበያ የሚፈልጉ ድርጅቶች ድረ ገጻቸውን «ወደ ኩርድኛ መልሱልን» ሲሉ እሰማለሁ። ወደየትኛው? በቱርክና በሶርያ በብዛት የሚነገረው ኩርማንጂ በላቲን ፊደል ይጻፋል፤ በኢራቅ፣ በሱለይማኒያና በኤርቢል ያለው ሶራኒ ደግሞ ከዐረብኛ በተወሰደ ፊደል፣ ከቀኝ ወደ ግራ። በአንዱ ብቻ የጻፈ የሌላውን ገበያ ዘግቶታል።   

ከመቱ ብዙም በማይርቀው በሁሩሙ አካባቢ የተወለደውን የመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚ የኦነሲሞስ ነሲብን ታሪክ ለገዛ ልጆቼ ብዙ ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ። በሕፃንነቱ በባርነት ተሸጦ፣ በ1870 እ.ኤ.አ. ምጽዋ ላይ ነፃ ወጥቶ፣ በስዊድን ሚሲዮናውያን ዘንድ ተማረ። በግዕዝ ፊደል የተጻፈው የአፋን ኦሮሞ መጽሐፍ ቅዱሱ በ1899 እ.ኤ.አ. በስዊዘርላንድ ታተመ። ከአገሩ የወጣው በለጋ ዕድሜው በመሆኑ ግን የቋንቋውን ጥልቀት ለማግኘት አስቴር ጋኖ አስፈልጋው ነበር። እሷም ከባርነት ነፃ የወጣች ኦሮሞ ናት፤ የሕዝቡን አነጋገርና ተረት በልቧ ይዛ የመጣች። ያን ያህል የተማረ ሰው ቋንቋውን ከያዘች ሴት ፊት ተማሪ መሆንን አልናቀም። ይህን ታሪክ ያስታወሰኝ አንድ ወጣት ነው፤ የአንድ ሆቴል ድረ ገጽ በኮምፒውተር ተርጉሞ ይዞልኝ መጣ። ጉግል አማርኛንና ኩርማንጂን በ2016፣ አፋን ኦሮሞን፣ ትግርኛንና ሶራኒን በ2022 እ.ኤ.አ. በየአንድ ዙር መተርጎሚያው ውስጥ አስገብቷቸዋል፤ የትርጉም ማሽኑ በሁላችንም ደጅ ደርሷል ማለት ነው። ሰዋስዉ ብዙም አልከፋም። ነገር ግን የሆቴሉን እንግዳ ከላይ እስከ ታች «አንተ» ይለዋል። ከጎሬ የመጣ ሽማግሌ አንተ ተብሎ አልጋ አይከራይም። ወጣቱን ለእናቱ እንዲያነብላት ወደ ቤቱ ላክሁት፤ ማታውኑ አርሞ መጣ።

ቃሉ ከተስተካከለ በኋላ የሚቀረው ብዙ ነው፤ አብዛኛው ተርጓሚም የሚደክመው እዚያ ነው። አንድ የቡና ነጋዴ የዋጋ ገጹን እንዳይለት ጠርቶኝ ነበር። ለውጭ ገዢ በተዘጋጀው ገጽ ዋጋው በፓውንድ ክብደት ተጽፏል፤ ያ ተገቢ ነው፣ የዓለም ገበያ እንደዚያ ይቆጥራል። ለገበሬው በተዘጋጀውም ገጽ ያው ፓውንድ ተቀምጧል። የኢሉባቦር ገበሬ በፈረሱላ ነው የሚያስበው፤ 17 ኪሎ። እሸት ይሁን ጀንፈል፣ የታጠበ ይሁን ያልታጠበ ካልተነገረውም ዋጋው ለእሱ ባዶ ቁጥር ነው። በሌላ ድርጅት ቅጽ ላይ የወራት ዝርዝር 12 ብቻ ሆኖ ጳጉሜን ጠፍታለች፤ ጳጉሜን 3 የተወለደ ልጅ ምን ይሙላ? «2 ሰዓት» በእኛ አቆጣጠር ይሁን በፈረንጁ አልተለየም። የቤተሰብ ስም የሚል ሳጥንም አለ፤ እኛ የምናስከትለው የአባታችንን ስም ነው። ቁቤ ድምፅ ሲረዝምና ሲጠብቅ ፊደል ስለሚደርብ ለአማርኛ በተለካ የገጹ ቁልፍ ውስጥ ጽሑፉ አይገባም፤ ጫፉ ይቆረጣል። ነጋዴው ይህን ሁሉ ስነግረው፣ «ይህ እኮ ትርጉም አይደለም» አለኝ። ደንበኛህ የሚቆመው እዚህ ጋ ነው አልኩት። ያልገባው ገበሬ አይጠይቅም፤ ዝም ብሎ ወደ ሌላ ነጋዴ ይሄዳል።

ከሁሉ የከበደኝን ልንገራችሁ። ማር የምትሸጥ ጎረቤቴ በስልኳ አንድ የገዢ ድርጅት ገጽ አግኝታ አሳየችኝ። በአፋን ኦሮሞ የተጻፈ፣ ያማረ፣ አንድም ግድፈት የሌለበት። ደስ ብሏት እዚያው አጠገቤ ደወለች። ያነሳችው ሴት በአማርኛ መለሰች፤ ጎረቤቴ ጉዳይዋን በአፋን ኦሮሞ ስትናገር «አልገባኝም» ብላ ዘጋችው። ጎረቤቴ ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ ዳግመኛም አልደወለችም። በራችሁ ላይ የጻፋችሁት ቋንቋ ቃል ኪዳን ነው። ደረሰኙ፣ ውሉ፣ ቅሬታ ሰሚው ያንኑ ቋንቋ ካልተናገሩ ገጹን በአማርኛ ብቻ መተው ይሻል ነበር፤ ያኔ ሰውየው ምን እንደሚጠብቀው አውቆ ልጁን ይዞ ይደውላል።

ስለዚህ ልጆቼ፣ አንድ ድርጅት ድረ ገጹን እንድትተረጉሙለት ሲጠራችሁ በዋጋ ከመስማማታችሁ በፊት እንደ ማንኛውም ደንበኛ ወደ ቢሮው ደውሉ፤ በምትተረጉሙበትም ቋንቋ ተናገሩ። የሚመልስ ካጣችሁ ለባለቤቱ ይህንኑ ንገሩት። ሰው እንዲቀጥር ምከሩት፤ በመቱ፣ በጎሬና በበደሌ ሁለቱንም ቋንቋ አሳምሮ የሚናገር ሥራ ፈላጊ ሞልቷል።