ጥርኝ ቡና

በአማርኛችን «ጥርኝ» ሁለት ነገር ነው። አንዱ እፍኝ ነው፤ ከአገሩ የሚርቅ ሰው አንድ ጥርኝ አፈር ይዞ ይሄዳል ይባላል። ሌላው ዝባድ የሚገኝበት የሌሊት አውሬ ነው። ጎጃም ውስጥ ጅጋ፣ አክስቴ ቤት፣ ስለ አውሬው ሳወራ እሷ በእፍኟ ላይ ነበረች፤ ከጓሮዋ የለቀመችውን ቡና ሰፌድ ላይ ዘርግታ የተነቀዘውንና የጠቆረውን በጣቷ እየነጠለች ታወጣለች።

«ኢንዶኔዥያ ውስጥ ሉዋክ የሚባል የጥርኝ ዘመድ አለ። የበላውን ቡና ከዓይነ ምድሩ ለቅመው፣ አጥበውና ቆልተው በውድ ይሸጡታል» አልኳት።

«በስመ አብ!» ብላ አማተበች። ቡናውን ምጣዱ ላይ ጨምራ ማመስ ከጀመረች በኋላ ግን ዞር አለችና «ለአውሬውስ ምን ሰጡት?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ቀን ወዲህ ጥያቄዋ ከአእምሮዬ አልወጣም።

ማማተቧ ይገባኛል። ይሁን እንጂ መጸየፍ ብቻውን ዳኛ ሊሆን አይችልም። ጤፋችን የሚወቃው በእበት በተለቀለቀ አውድማ ላይ ነው፤ ጎተራችንም በእበት የተመረገ ነው። እንጀራውን ስንቆርስ ይህን የሚያስታውስ የለም። ቡና ራሱ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ድረስ በብዙ ክርስቲያኖች ዘንድ የሙስሊም መጠጥ ተብሎ ይነወር ነበር። ነውሩ እየላላ የመጣው ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ሲጠጡትና አቡነ ማቴዎስም የሙስሊም መጠጥ ነው የሚለውን የካህናት እምነት ለማስወገድ ሲጥሩ ነው። የትናንቱ ነውር ዛሬ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ ጎረቤት የሚጠራበት ሆኗል። ስለዚህ የጥርኝ ቡና ክፉ ከሆነ ክፋቱ ሌላ ቦታ መፈለግ አለበት።

ጣዕሙስ? ማሲሞ ማርኮኔ የተባሉ የካናዳ ጉዌልፍ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የኢንዶኔዥያንና የኢትዮጵያን የጥርኝ ቡና መርምረው ውጤቱን በ2004 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። በእንስሳው ሆድ ያለፈው ፍሬ ፕሮቲኑ በከፊል ተሰባብሯል፤ መልኩም ከተራው ቡና ይለያል። ነገሩ የታጠበ ቡና በገንዳ ውስጥ ሲብላላ ከሚሆነው እምብዛም አይርቅም። ልዩነት አለ ማለት ግን ይበልጣል ማለት አይደለም።

ለእኔ የዚህ ቡና ክብር ከሆዱ በፊት ባለው ነገር ላይ ነው። ሉዋኩ በጨለማ ወጥቶ፣ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ አሽትቶ፣ በደንብ የበሰለውን ቀይ እሸት መርጦ ይበላል። አክስቴ በጣቷ የምታደርገውን እሱ በአፍንጫው ያደርገዋል። ሻጮቹም ቢሆኑ ቡናውን የሚያሞግሱት በዚሁ መራጭነቱ ነው።

እንግዲህ ይህን መራጭ ሳጥን ውስጥ አስገቡት። የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት በባሊ ደሴት በ16 ቦታዎች የታሰሩ 48 ሉዋኮችን ተመልክቷል። የቆሙት በሽቦ ወለል ላይ ነው። አንዳንዶቹ ከቡና ፍሬ ሌላ ብዙም ሳያገኙ ከስተዋል፤ ሌሎቹ መንቀሳቀሻ አጥተው ከልክ በላይ ወፍረዋል። የታሰረ አውሬ አይመርጥም፤ ቀዩንም አረንጓዴውንም የሰጡትን ይበላል። ገዢው ገንዘቡን የሚያወጣው ለምርጫው ነው፤ የሚጠጣው ግን ምርጫውን ከተነጠቀ እንስሳ የወጣውን ነው። በደሉና የጣዕሙ ጉድለት ከአንድ ሳጥን ይወጣሉ።

«በሬስ ቀንበር ተጭኖበት፣ ጅራፍ እየቀመሰ አይደል እንዴ የሚያርሰው?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ የበሬው ነገር እኔንም ያስጨንቀኛል። ሆኖም በእሁድና በበዓል ቀንበሩ ይወርድለታል፤ ማታ ጭድ ይቀርብለታል። የኦሪት ሕግም እህል የሚያበራይ በሬ አፉ እንዳይታሰር አዝዟል፤ አውድማው ላይ የሚደክመው ከአውድማው ይቅመስ ማለት ነው። በሬውና ገበሬው መካከል ጎደሎም ቢሆን መስጠትና መቀበል አለ። በሉዋኩ ሳጥን ውስጥ ያለው የሰው መውሰድ ብቻ ነው። አክስቴ የጠየቀችኝ ይህንኑ ነበር።

ኢንዶኔዥያን ብቻ ኮንነን ማለፍ ግን አንችልም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ዝባድ ቀንድ ውስጥ ታሽጎ ከደቡብ ምዕራቧ እናርያ ይነሳና ዓባይን ተሻግሮ፣ በእኛው በጎጃም በባሶ ገበያ አልፎ ወደ ምጽዋ ይወርድ ነበር። አያቶቻችን ነግደውበታል። ዝባዱ የሚገኘው ወንዱን ጥርኝ እንደ ልቡ መዞር በማይችልበት ጠባብ የእንጨት ሳጥን ዘግቶ፣ ከጭራው ሥር ካለው እጢ በየጥቂት ቀኑ በመፋቅ ነው። ኬሚስቱ ሊዮፖልድ ሩዚችካ የዝባድን ሽታ የሚሰጠውን ንጥረ ነገር ኬሚካዊ መዋቅር በ1926 እ.ኤ.አ. ከገለጸ ወዲህ ሽታውን ያለ እንስሳ መሥራት ይቻላል። ሳጥኑ ግን በደቡብ ምዕራብ አገራችን አልጠፋም።

በዚያው አካባቢ የቡና ጫካ ውስጥ ነጻ የሆነው ጥርኝ ሌሊት የቡና ፍሬ በልቶ፣ ልማዱ ነውና ተመላልሶ አንድ ቦታ ዘሩን ይጥላል። ያንን ለቅሞ፣ አጥቦ የሚጠጣ ሰው ማንንም አልበደለም፤ አክስቴ እንደማትቀምሰው ባውቅም እኔ ብጋበዝ እጠጣለሁ። ከሳጥን የወጣውን ግን በነጻም ቢሆን አልቀበልም። ቡና ላኪዎቻችን ሆይ፣ ጥርኝ ለዝባዱ የታሰረበት አንድ ሳጥን አለው፤ ለቡና ብላችሁ ሁለተኛ አትሥሩለት።