መብራትና እንቅብ

ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ሕዝቡን ባስተማረ ጊዜ ከሰው ቤት የማይጠፋውን ዕቃ ለትምህርቱ ምሳሌ አደረገ፤ ጨውን፥ እርሾን፥ አቁማዳን፥ መብራትን እያነሣ ተናገረ። ይህንም ማድረጉ፥ ያልተማረ ሰው እንኳ በማጀቱ ያለውን ዕቃ ባየ ቊጥር ትምህርቱን እንዲያስብ ነው። እኛም በዚህ ጽሑፍ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ቊጥር 15 የተጠቀሱትን ሁለቱን ዕቃዎች፥ መብራትንና እንቅብን እንመለከታለን።

መብራት ዘይቱን እየጨረሰ ለሌላው ያበራል እንጂ ለራሱ አያበራም። ስለዚህ የእምነትና የበጎ ሥራ ምሳሌ መሆኑ ግልጥ ነው። ነገር ግን መብራትን የሚከድን ዕቃ በቤት ሞልቶ ሳለ እንቅብ ተለይቶ ስለ ምን ተጠቀሰ? እንቅብ እህል የሚሰፈርበት ዕቃ ነው፤ በግሪኩ ወንጌል የተጻፈው ሞድዮስ የሚለው ቃልም የእህል መስፈሪያ ማለት ነው። ቅዱስ ማርቆስ ደግሞ በምዕራፍ 4 ቊጥር 21 ከእንቅብ ጋራ አልጋን ጨምሮ ጽፏል። እንቅብ የጥቅም፥ አልጋ የዕረፍት ዕቃ ነው። የሰውን ብርሃን የሚሸፍኑትም እነዚህ ሁለቱ፥ ጥቅም መውደድና ስንፍና ናቸው።

ይህን ስንል እንቅብ ርኩስ ነው ማለታችን አይደለም። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ቊጥር 36 እግዚአብሔር ሕዝቡ የእውነት መስፈሪያ እንዲኖራቸው አዟል፤ ለድኻ የሚሰጠው እህልም የሚሰፈረው በዚያው ዕቃ ነው። ነቢዩ ዘካርያስ ግን በምዕራፍ 5 ክፋት በመስፈሪያ ውስጥ ተቀምጣ አየ። እንግዲህ ዕቃው አንድ ሲሆን ጽድቅንም ክፋትንም ይይዛል፤ የሚለየው የሰፋሪው ልብ ነው።

ነጋዴ ያልሆነ ሰው ይህ ነገር እኔን አይመለከተኝም ይል ይሆናል። እኛም እንዲሁ እናስብ ነበር። ነገር ግን ከብዙ ዓመት በፊት ለቤተ ክርስቲያን ጧፍና ዕጣን አዘውትሮ የሚያመጣ አንድ ሰው በገበያ መስፈሪያውን እንደሚያጎድል እያወቅን፥ ስጦታው እንዳይቀር ፈርተን ሳንገሥጸው ዝም አልን። እርሱ በመስፈሪያው ድኾችን በደለ፤ እኛ ግን ያመጣውን ጧፍ እያበራን፥ የተሰጠንን የትምህርት መብራት በእርሱ መስፈሪያ ከደንን። በደሉም ከእርሱ ይልቅ በእኛ ላይ ይከብዳል፤ እርሱን የሚገሥጸው አላገኘም፥ እኛ ግን እያወቅን ዝም ብለናልና።

አንባብያን ሆይ፥ የተደፋውን እንቅብ አስቡት። መብራቱ ከሥሩ ቢሆን ይሰወራል፤ ከላዩ ቢሆን ግን ያው እንቅብ እንደ መቅረዝ ሆኖ ያነሣዋል። ገንዘብም እንዲሁ ነው። ከእምነት በላይ ሲሆን እምነትን ይሸፍናል፤ ከእምነት በታች ሲሆን ግን ለድኻ መመጽወቻ ሆኖ ብርሃኑን ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ ማታ በቤታችን መብራት በምናበራበት ጊዜ፥ ብርሃናችን ዛሬ የዋለው ከእንቅቡ በላይ ነው ወይስ በታች? ብለን ራሳችንን እንመርምር። ጥቅም ይቀርብናል ብለን ሳንፈራ እውነትን እንድንናገር እግዚአብሔር ይርዳን። አሜን።