ዘጠና እንጀራ በአንድ መሶብ

አንዲት አያት የልጅ ልጃቸውን ክርስትና ሊደግሱ ተነሡ። ጤፉ ተፈጭቶ በየከረጢቱ ተቀምጧል፤ እርሾውም ተዘጋጅቷል። ስድስት ጎረቤቶች መጥተው ሊጋግሩላቸው ቃል ገብተዋል። የቀረው ምን ያህል ዱቄት እንደሚቦካ ማወቅ ነበርና በቤቱ ያሉትን ሁለት ሴት ልጆች ጠሩ። ታላቂቱ 4ኛ ክፍል ናት፤ የብዜት ሠንጠረዡን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሏ ታወርደዋለች። ታናሺቱ ገና 2ኛ ክፍል ናት፤ ከአምስት ብዜት ካለፈች ትሳሳታለች።

«ልጆቼ፣ 8 መሶብ ይቀርባል። በእያንዳንዱ መሶብ 15 እንጀራ ይደረደራል። የሚጋግሩት 6 ሴቶች ናቸው። ስንት እንጀራ ይበቃናል?»

አያት ተናግረው ሳይጨርሱ ታላቂቱ እርሳሷን አንስታለች። 8 በ15፣ 120። 120 በ6፣ 720። «720!» ብላ ጓዳ ገባችና ዱቄት መስፈር ጀመረች። አንዱ ከረጢት አለቀ፤ ሁለተኛው ተፈታ፤ ቡሃቃው ሞልቶ ተረፈ። ከጎረቤት ሌላ ቡሃቃ ልትዋስ ስትወጣ አያት በር ላይ አገኟት።

«ልጄ፣ ይህ ሁሉ ዱቄት ለምኑ ነው?»

«ለ720 እንጀራ ነው፣ እማማ። ቁጥሮቹን አባዛኋቸው።»

«የትኞቹን?»

«የነገሩኝን ሁሉ።»

አያት አልተቆጡም። ከጥግ አንድ መሶብ አምጥተው ክዳኑን አነሡና ፊቷ አስቀመጡት። «720ው ለ8 መሶብ ሲካፈል ለአንዱ ስንት ይደርሰዋል?»

«90።»

«በይ እንግዲያው 90ውን እዚህ ላይ ደርድሪልኝ።»

ልጅቷ መሶቡን አየችው። ጠርዙን በጣቷ ዳሰሰች፤ በመዳፏ ከፍታ ለካች። 15 እንጀራ ቢደረደር እስከዚህ፣ 30 ቢሆን እስከዚህ። 90 ሲሆንማ ክዳኑ አይገጥምም፤ የተቀመጠ እንግዳም ከላዩ ቆርሶ አይጎርስም። ጣሳውን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠችው።

ታናሺቱ በበኩሏ ቁና ሙሉ ባቄላ ይዛ ደጅ ተቀምጣ ነበር። 15 ፍሬ ቆጥራ «ይኼ አንዱ መሶብ» አለች። ከጎኑ ሌላ 15 አድርጋ «ሁለት መሶብ፣ 30» አለች። ሠላሳውን እንደገና አጠፈችው፤ አራት መሶብ፣ 60። ስድሳውን ልታጥፍ ስትል ታላቂቱ ከኋላዋ መጥታ ቆመች። «120 ነው! ስምንት ጊዜ ዐሥራ አምስት 120 ነው፤ እኔም አግኝቼው ነበር!»

«ስድስቱ ሴቶችስ?» አሉ አያት።

ታናሺቱ ቀና ብላ ግራ በተጋባ ዓይን አየቻቸው። «እነሱማ የሚጋግሩት ናቸው እንጂ!»

ታላቂቱ ጥቂት አሰበችና «እያንዳንዳቸው 20 እንጀራ ይጋግራሉ» አለች። አያት ይህን አልጠየቁም ነበር፤ ነገር ግን ለስድስቱ ምጣድ ሊጥ ማደል የግድ ነበርና ደስ አላቸው።

*

የታላቂቱ ስሌት ውስጥ አንድም ስሕተት የለም። 8 በ15 120 ነው፤ 120 በ6 720 ነው። የጎደላት ሥዕሉ ነው፤ ማን ይቀርባል፣ ምን በምን ላይ ይደረደራል፣ ማን ይሠራል የሚለው። በየትምህርት ቤቱ የቃላት ፕሮብሌም ሲመጣ የሚንበረከኩት ልጆች አብዛኞቹ እንደ እሷ ናቸው ብዬ አምናለሁ። ሰነፎች አይደሉም። ቁጥሩን ከታሪኩ ነጥቀው መሮጥ ያስተማርናቸው እኛው ነን።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ በፈረንሳይ ግሬኖብል ከተማ ተመራማሪዎች ለ97 የ2ኛና የ3ኛ ክፍል ልጆች አንድ ጥያቄ አቀረቡ። መርከብ ላይ 26 በጎችና 10 ፍየሎች አሉ፤ የመርከቡ አዛዥ ዕድሜው ስንት ነው? ከ97ቱ 76ቱ ቁጥሮቹን አቀናብረው መልስ ሰጡ። እነዚህ ልጆች በግና ፍየል ዕድሜ እንደማይናገር ሳያውቁ ቀርተው አይደለም። ክፍል ውስጥ ጥያቄ ከተጠየቀ መልስ አለው፣ የተሰጠ ቁጥርም ሁሉ ሥራ ላይ ይውላል ብለው ተምረዋል።

ለልጆች የምናቀብላቸው አቋራጭ ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። «በጠቅላላው» የሚል ካየህ ደምር፣ «በእያንዳንዱ» የሚል ካየህ አባዛ። ይህ ምክር ለአንድ ፈተና ያሻግር ይሆናል። ግን አያት ጥያቄውን ገልብጠው «120 እንጀራ በ8 መሶብ እኩል ተደረደረ፤ በእያንዳንዱ ስንት አለ?» ቢሉስ? ቃሉ ያው ነው፤ ሥራው ግን ማካፈል ሆነ። ብዜትን የሚያስታውቀው እኩል እኩል የሆነ ክምር መደጋገሙ ነው። አንዱ መሶብ 15፣ ሌላው 20 ቢይዝ ኖሮ ስምንት ጊዜ ዐሥራ አምስት የሚለውም ባልሠራ ነበር። ይህ የሚታየው ክምሩን በዓይነ ልቡና ላየ ልጅ ብቻ ነው።

ባቄላውንም የሕፃን ጨዋታ አድርጎ የሚንቅ ካለ፣ የጥንት ግብፅ ጸሐፍት ከክርስቶስ ልደት 1550 ዓመት ገደማ በፊት የአሕምስ ፓፒረስ በተባለው የሒሳብ ጽሑፍ ያባዙ የነበረው እንዲሁ በእጥፍ እያሳደጉ መሆኑን ይወቅ። ሠንጠረዡ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። 120ን ከሁሉ ቀድማ የጠራችው ሠንጠረዡን የያዘችው ልጅ ናት፤ የጠራችው ግን መሶቡን ካየች በኋላ ነው። የሒሳብ ሊቁ ጆርጅ ፖሊያ እ.ኤ.አ. በ1945 ስለ ችግር አፈታት ባሳተመው መጽሐፍ ከዕቅድም ከስሌትም በፊት ጥያቄውን መረዳትን ያስቀደመው ለዚሁ ነው።

ስለዚህ መምህራንን አንድ ነገር ብለምን ደስ ይለኛል። አንዳንድ ቀን የቃላት ፕሮብሌሙን ያለ ቁጥር ጻፉላቸው። «መሶቦች ቀረቡ፤ በእያንዳንዱ እኩል እንጀራ ተደረደረ፤ ሴቶች ጋገሩ።» ልጆቹ ታሪኩን በራሳቸው አፍ ይተርኩት፤ ምን ቢነገራቸው ምን ማወቅ እንደሚችሉ ይናገሩ። ሌላ ቀን ደግሞ ገልብጡት፤ ሰሌዳው ላይ 8 × 15 ብቻ ጽፋችሁ ታሪክ እንዲፈጥሩለት ጠይቁ። አንዷ «8 አግዳሚ ወንበር፣ በእያንዳንዱ 15 ሰው» ትላለች፤ ሌላው «8 በጎችና 15 ፍየሎች ነበሩ» ይላል። ሁለተኛውን ልጅ አስቀምጡትና ባቄላ ስጡት፤ የት ላይ እንደቆመ ራሱ ነግሯችኋል።