ጥላ በእግር፣ እህል በካሎሪ

የእጅ ሰዓት ብርቅ በነበረበት ዘመን ደገኛው ጿሚ፣ በመንዝም ሆነ በሌላው የክርስቲያን አገር፣ ጾሙ የሚፈታበት ዘጠኝ ሰዓት መድረሱን የሚያረጋግጠው በገዛ ጥላው ነበር። ሜዳ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ የጥላው ራስ ያረፈበትን ቦታ በዓይኑ ይይዛል፤ ከዚያ ተረከዙን ከሌላው እግሩ ጣት እያጋጠመ ይሰፍረዋል። የረጅም ሰው ጥላ ረጅም ነው፣ እግሩም በዚያው ልክ ረጅም ነው፤ ስለዚህ ረጅሙም አጭሩም የሚያገኙት ቁጥር ተቀራራቢ ነው። ዛሬ ደግሞ ክብደት መቀነስ የፈለገ የአዲስ አበባ ሰው የበላውን እንጀራ በካሎሪ፣ የሄደበትን መንገድ በእርምጃ ቁጥር እየመነዘረ ስልኩ ላይ ይመዘግባል። አንዱም ሌላውም ከምግብ ይታቀባሉ፤ አንዱም ሌላውም ይቆጥራሉ። ታዲያ ካሎሪ መቁጠር የዘመኑ ጾም ነው ቢባል ምኑ ላይ ነው ስሕተቱ?

ብዙ ሰው የሚቸኩልበት መልስ «ጾም የመንፈስ ነው፣ ቁጥር የሥጋ ነው» የሚለው ነው። ይህ ግን አያስኬድም፤ ጾማችን ራሱ በቁጥር የተሞላ ነውና። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብ አለ፤ የነቢያት፣ የሐዋርያት፣ የፍልሰታ እየተባለ ሲደመር ለምእመኑ በዓመት 180 ቀን ገደማ፣ ለካህናቱና ለመነኮሳቱ 250 ቀን ያህል ይደርሳል። ፍትሐ ነገሥትም በ15ኛው አንቀጹ ጾምን ሲተረጉም ሰው በታወቀ ጊዜ ከመብል መከልከሉን፣ የሥጋ ፈቃድ ለነባቢት ነፍስ እንዲታዘዝ ማድረጉን አብሮ ያነሣል፤ «የታወቀ ጊዜ» ደግሞ ልክ ማለት ነው። የሰውነት እንቅስቃሴውም ቢሆን ሳይቆጠር አይቀርም። በስቅለት ዓርብ ካህኑ ምእመኑን በወይራ ቅጠል መታ መታ አድርጎ የሚሰግደውን ስግደት በቁጥር ያዝዘዋል፤ ሰጋጁም መቁጠሪያውን እያንሸራተተ ይወጣዋል። ጉልበትና ወገብ የሚያውቁት ድካም ነው። ስለዚህ መቁጠር ብቻውን ዓለማዊ፣ አለመቁጠርም ብቻውን መንፈሳዊ አያሰኝም።

ልዩነቱን በውጤቱ እንፈልገው ብንልም አናገኘውም። አሜሪካዊው ዊልበር አትዋተር በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ባካሄደው ምርምር አንድ ግራም ፕሮቲን ወይም ካርቦሃይድሬት 4፣ አንድ ግራም ስብ ደግሞ 9 ካሎሪ ገደማ እንደሚሰጥ አሰላ። በዚህ ስሌት ዘይት የተንሳፈፈበት የከተማ በያይነቱ ከፍስክ ወጥ የማይተናነስበት ጊዜ ብዙ ነው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን 120 ካሎሪ ያህል አለው። ሁዳዴን ጾሞ ወፍሮ የሚወጣ ሰው አለ፤ ጾሙ ግን በመወፈሩ አይፈርስም። እንዲያውም ውርጭና የበልግ መቅረት በለመደው የመንዝና የግሼ ደጋ «ከሳህ» የሐዘኔታ ቃል ነው እንጂ ምስጋና አይደለም። ገብስ ቆልቶ፣ በሶ በጥብጦ የሚጾመው ገበሬ የሚያራግፈው ትርፍ ስብ የለውም። ጾም ክብደት ለመቀነስ ቢሆን ኖሮ እሱ ገና ዱሮ ነፃ በወጣ ነበር።

ልዩነቱ ያለው የተቀነሰው ምግብ ወዴት ይሄዳል በሚለው ጥያቄ ላይ ነው። ነቢዩ ኢሳይያስ በ58ኛው ምዕራፍ እግዚአብሔር የመረጠውን ጾም ሲናገር እንጀራን ለተራበ መቁረስን አብሮ ያነሣል። እንግዲህ የጾም መዝገብ ሁለት ገጽ አለው፤ በአንዱ የተውሁት፣ በሌላው የሰጠሁት ይጻፋል። የሚገርመው ካሎሪ ራሱ ይህን ሁለተኛ ገጽ የሚያውቅ መስፈሪያ መሆኑ ነው። በረድኤት ሥራ የአንድ ሰው የቀን ቀለብ የሚታቀደው በ2,100 ካሎሪ ነው። በ1977ቱ ረሃብ የተጎዳው ሰሜን ሸዋ ይህን ስሌት በወገቡ ሳይሆን በስንዴ ከረጢት ያውቀዋል። ክብደት ለሚቀንስ ሰው ደግሞ የተለመደው ምክር በቀን 500 ካሎሪ ያህል ማጉደል ነው፤ ወደ ገብስ ዱቄት ቢመነዘር ከ140 ግራም ብዙም አይርቅም። አራት ሰዎች የሚያጎድሉት ቢደመር 2,000 ይሆናል፤ የአንድ ሰው የቀን ቀለብ ሊሞላ የሚቀረው 100 ብቻ ነው። መስፈሪያው አንድ ሆኖ ሳለ የስልኩ መዝገብ የጎደለውን እንጂ የደረሰለትን ሰው የሚጽፍበት ቦታ የለውም።

መታቀብ ተቀባይ ሲኖረው ምን እንደሚመስል ለማየት ከሆድ ወጥቶ በመንዝ ወዳለው የሣር ምድር፣ ወደ ጓሳ፣ መመልከት ይበቃል። የመንዝ ሰዎች ከአቅኚ አባቶቻቸው ከአስቦና ከጌራ ጀምሮ፣ ከ17ኛው መቶ ዘመን አንሥቶ እንደቆየ በሚናገሩለት የቄሮ ሥርዓት፣ የጓሳውን ሣር ለተከታታይ ዓመታት ይዘጉት ነበር። በዚያ ጊዜ ማጨድም ማጋጥም ክልክል ነው፤ ሲከፈት ደግሞ ለቤት ክዳኑም ለከብቱም በወግ ይካፈሉታል። እጁን የሰበሰበ ሰው ስለ ማን እንደሰበሰበ ያውቃል፤ ስለ ጎረቤቱና ስለ ከርሞ። ሥርዓቱ ለብዙ ትውልድ የጸናው እያንዳንዱ ሰው ብረት የሆነ ፈቃድ ስለነበረው አይመስልም፤ ክልከላውም መክፈቻውም የጋራ ስለነበር ነው። በሁዳዴ ሥጋ ቤቱ ሲዘጋ፣ ጎረቤትም ቅቤ ሳያነጥር ሲቀር ጾሙ ለደካማውም የሚቀልለው በዚሁ ምክንያት ነው። ብቻውን ከሚዛኑ ጋር የሚታገል ሰው ግን ሚዛኑ አልቀንስ ያለ ሳምንት የሚደገፈው የለውም።

«ስኳርና ደም ግፊት ያለበት ሰው ሐኪሙ ያዘዘውን ቢቆጥር ምን ነውር አለው?» የሚል ይኖራል። ምንም የለውም። ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ የሰውነት ልምምድ ጥቅሙ ጥቂት ነው አለ እንጂ የለውም አላለም፤ ቤተ ክርስቲያንም ሕመምተኛን በጾም አታስገድድም። ጤናን መጠበቅ በራሱ በቂ ምክንያት ነው፤ ጾም ካልሆነም ጾም ይሁን ብሎ ማስጨነቅ አይገባም። የሚከብደው ሌላው ተቃውሞ ነው፤ «ስንቱ ጿሚ ነው ሁለተኛውን ገጽ የሚሞላው?» እውነት ነው፣ ዘጠኝ ሰዓትን በጉጉት ጠብቆ፣ ከቁርስ ያዳነውን በምሳ የሚያካክስ፣ ለደጅ ለማኝ ግን አንድ እንጎቻ የማይቆርስ ጿሚ ሞልቷል። ይህ ሰው በጥላው ቢለካም የሠራው የካሎሪ ቆጣሪውን ሥራ ነው፤ ያውም ጤናውን እንኳ ሳያተርፍ። በአንጻሩ በሐኪም ትእዛዝ ምግቡን የሚሰፍር ሰው ያጎደለውን ያህል ለሌላ ቢያደርስ፣ ጾም ብሎ ባይጠራውም ወደ ጾም ደጅ ቀርቧል።

ስለዚህ ስልኩን ጣለው ማለት አያስፈልግም፤ ስልኩ የማይጠይቀውን ራስን መጠየቅ ነው የሚያስፈልገው። ማታ መዝገቡ ሲዘጋ «ዛሬ 500 አጉድለሃል» ይላል። 140 ግራም ገብስ ማለት ነው፤ ለአንድ ሰው አንድ ጊዜ የሚበቃ በሶ። ይህ በሶ የማን ነው?